ከፍ የተደረገ አሮጌ ፒክአፕ መሪው ሲያስቸግር፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ፒክአፑ ከፍ ብሏል። አቋሙ ያምራል፤ ትልልቆቹ ጎማዎችም ገብተዋል። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን መሪው እንደ ድሮው አይደለም። ቀጥ ባለ መንገድ ግራና ቀኝ ይቅበዘበዛል። ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል አይመለስም። ወይም አንድ ጉድጓድ ሲነካ ፊቱ በሙሉ ይርገፈገፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አዲስ የመሪ ዳምፐር (የመሪውን ንዝረት የሚያለዝብ ዕቃ) ይገዛል፣ ወይም መኪናውን በቀጥታ አላይመንት (የጎማ ማዕዘን በማሽን ማስተካከያ) ያስገባል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ቦታቸው ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጋጠሚያው የላላ መኪና ላይ የተሠራ አላይመንት ብዙ አይቆይም። ማሽኑ ላይ የተስተካከለው ቁጥር የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይለወጣል። ዳምፐሩም የላላውን ነገር ይሸፍነዋል እንጂ አያጠብቀውም። ሽፋኑ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ችግሩ ከሥር እያደገ እናንተ አይሰማችሁም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ጎማና ቡሎን፣ ቀጥሎ የላላ መጋጠሚያ፣ ከዚያ ማዕዘን፣ በመጨረሻ አላይመንት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ ነድታችሁ እዩ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ከፍ ማድረግ መሪው ላይ ምን ያመጣል?

የመሪ ሳጥኑ የታሰረው ቴላዮው ላይ፣ ማለትም መኪናውን በሚሸከመው ዋና የብረት አፅም ላይ ነው። ጎማዎቹ ያሉት ደግሞ አክስሉ ላይ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ቴላዮው ከአክስሉ ይርቃል። ሁለቱን የሚያገናኙት ዘንጎች ግን ርዝመታቸው ያው ነው። ስለዚህ ይዘቀዝቃሉ። ድሮ ወደ አግድም የቀረበ ዘንግ አሁን ቁልቁል ይወርዳል። አብዛኛው የመሪ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። አሮጌ ፒክአፕ ላይ ያሉ መጋጠሚያዎች ለብዙ ዓመት በአንድ ማዕዘን፣ በቀላል ጎማ ሠርተዋል። አሁን ማዕዘኑ ተለወጠ፤ ጎማው ከበደ። ትናንት የማይሰማ ትንሽ ልቅነት ዛሬ መሪው ላይ ይሰማል። ሊፍቱ፣ ማለትም ከፍ ማድረጉ፣ ልቅነቱን አልፈጠረውም፤ አወጣው እንጂ። አንዳንዱ ሰው ኪቱን (መኪናውን ከፍ ለማድረግ የገባውን ዕቃ) ብቻ ሲወቅስ የነበረውን ያረጀ ዕቃ ሳያይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

መኪናችሁ በምን መንገድ ከፍ እንዳለም እወቁ። አንድ ወጥ የፊት አክስል ያለው በባሌስትራ (በተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) ወይም በሞላ (በተጠቀለለ ብረት) ይነሣል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቶርሽን ባሩን (እየተጠመዘዘ ክብደት የሚሸከመውን ዘንግ) በማጥበቅ ይነሣል። ሦስተኛው ዓይነት ቦዲውን ብቻ ከቴላዮው ላይ የሚያነሣ ነው። እያንዳንዱ የሚያበላሸው ነገር የተለየ ነው። ለምሳሌ ቦዲው ብቻ ከተነሣ የጎማው ማዕዘን አልተነካም። የሚፈተሸው ከመሪው ወደ መሪ ሳጥኑ የሚወርደው ዘንግ ነው።

ደረጃ 1፦ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ንዱትና ጻፉ

ሰውና መኪና የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። በቀስታ ጀምሩ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ 50፣ ደህና ከሆነ ብቻ ትንሽ ጨምሩ። ኃይለኛ መርገፍገፍ ካለ ግን ከዚህ በላይ አትሂዱ፤ ቀጥታ ወደ ምርመራው እለፉ።

ወረቀት ላይ የምትጽፏቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። መኪናው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል ወይስ ወደ ሁለቱም ይቅበዘበዛል? ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው መሃል ላይ ነው ወይስ ዘንበል ብሏል? ከታጠፈ በኋላ ራሱ ይመለሳል? አንድ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ መሪው በእጃችሁ ውስጥ ይዞራል? ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ነገር አለ? ድምፅስ?

መልሶቹ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግራሉ። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚጎትት ከሆነ ጎማ፣ ፍሬን፣ ወይም የግራና የቀኝ ማዕዘን ልዩነት ነው። ወደ ሁለቱም የሚቅበዘበዝ ከሆነ ልቅነት፣ የካስተር ማነስ፣ ወይም የቶ መበላሸት ነው (ሁለቱም የጎማ አቀማመጥ ልኮች ናቸው፤ ከታች ይብራራሉ)። መሪው የማይመለስ ከሆነ ካስተር ወይም የሆነ ቦታ የሚያዝ መጋጠሚያ ነው። ጉብታ ላይ መሪው ራሱ የሚዞር ከሆነ የዘንጎቹ መዘቅዘቅ ነው። መሪው ዘንበል ብሎ መኪናው ቀጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀላል የርዝመት ማስተካከያ ነው፤ ብዙ አትደንግጡ።

ደረጃ 2፦ ጎማና ቸርኬ

ነፋሱን ጎማው ሲቀዘቅዝ ለኩ። ግራና ቀኝ እኩል ይሁን። ትልቅና ሰፊ ጎማ ከፋብሪካው ጎማ የተለየ ግፊት ሊፈልግ ይችላል፤ ትንሽ ነፋስ ያለው ጎማ ደግሞ መሪውን ያከብደዋል፤ መኪናውንም ያንሳፍፈዋል።

መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቀያይሯቸው። መጎተቱ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋተኛው ጎማው ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ምልክት ያለበት ጎማ ከሆነ ግን የፊቱን ከዚያው ጎን የኋላ ጋር ለውጡ።

ቸርኬውንም እዩ። ጎማው ወደ ውጭ እንዲወጣ የተደረገበት ቸርኬ ወይም ስፔሰር ካለ፣ ጎማው መሬት የሚረግጥበት መሃል ጎማው ከሚታጠፍበት መስመር ይርቃል። ያኔ እያንዳንዱ ጉድጓድ መሪውን ይመታል፤ መኪናውም የመንገዱን ጎድጓዳ መስመር ይከተላል። ይህን አላይመንት አያድነውም። እኔ እንደማምነው አንድ መኪና ከፍም ብሎ ጎማውም በጣም ወደ ውጭ ከወጣ መሪው መቼም እንደ ድሮው አይሆንም። የድሮውን ቸርኬ ማግኘት ከቻላችሁ ለሙከራ አስገቡና ንዱ። ትልቅ ጥያቄ በአጭር ጊዜ ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ የተነካ ቡሎን ሁሉ

ኪቱ ሲገባ የተፈታውን ሁሉ በቶርክ መፍቻ ፈትሹ። የቶርኩን ልክ ከኪቱ ወረቀት ወይም ከመኪናው የጥገና መመሪያ ውሰዱ። ባሌስትራ ላይ ያሉት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች አዲስ ሲታሰሩ ይረግባሉ። ትንሽ ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ ላልተው ይገኛሉ። የላሉ ከሆነ አክስሉ ባሌስትራው ላይ ይንሸራተታል። ከኋላ ከሆነ መኪናው ኋላው እየተጣመመ ይሄዳል፤ መሪውም ቀጥ አይልም።

ባሌስትራውን መሃል ላይ የሚይዘው ቡሎን ጭንቅላቱ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ በትክክል መግባቱን እዩ። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ብሎክ (ማንሻ ብረት) ከገባ ደግሞ የብሎኩ ጉጥ ቀዳዳው ውስጥ መቀመጡን አረጋግጡ። ከዚያ በሜትር ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በግራም በቀኝም ለኩ፤ የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው። ሁለቱ ጎን በግልጽ ከተለያየ አንዱ አክስል ተጣሟል። ይህን ሳያዩ ፊቱን ማስተካከል ድካም ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የላስቲክ ቡሽ ያለባቸው ቡሎኖች መጨረሻ መጥበቅ ያለባቸው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። መኪናው ይደርቃል፤ ቡሹም ቶሎ ይቀደዳል። እንዲህ ሠርታችሁ ከሆነ በጎማው ቆሞ አላሉና እንደገና አጥብቁ።

ደረጃ 4፦ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ አንድ ሰው መሪው ላይ

ከምርመራዎች ሁሉ የምወደው ይህ ነው። መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚያሳየው ግን ብዙ ነው።

መኪናው በጎማው ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ፓወር ስቲሪንግ ካለው ሞተሩ ይነሣ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ረዳታችሁ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ያህል ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። እናንተ ከጎን ሆናችሁ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ከመኪናው ሥር በሙሉ አካል አትግቡ፤ እጃችሁ በሚንቀሳቀሱት ዘንጎች መካከል እንዳይያዝ ተጠንቀቁ፤ ከቀበቶውም አርቁት።

ከመሪው ጀምራችሁ ወደ ጎማው ሂዱ። መሪው ሲዞር የመሪ ዘንጉ ክሮቸራ (ዘንጉ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ወዲያው ይዞራል? ወደ መሪ ሳጥኑ የሚገባው ዘንግ ሲዞር ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ፣ ፒትማን አርም፣ ወዲያው ይንቀሳቀሳል? ፒትማን አርሙ ሲንቀሳቀስ ድራግ ሊንኩ (ከእሱ ወደ ጎማው በኩል የሚሄደው ዘንግ) ይከተላል? ጎማዎቹን የሚያያይዘው የታይሮዱ ጫፎችስ? እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። አንዱ ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው ትንሽ ቆይቶ ከተከተለ ጨዋታ አለ ማለት ነው። ዓይን ያላየውን ጣት ይሰማዋል።

ሁለት ቦታ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ። አንደኛው የመሪ ሳጥኑ ቴላዮው ላይ የታሰረበት ነው። ሳጥኑ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወይ ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይ ቴላዮው ተሰንጥቋል። ትልቅ ጎማ ያለው አሮጌ ፒክአፕ ላይ ይህ ስንጥቅ የታወቀ ነው። ጭቃውንና ቅባቱን ጠርጉና በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ እዩ። ስንጥቅ ካገኛችሁ መኪናው እስኪበየድና እስኪጠናከር መንገድ አይውጣ። ሥራውንም ቴላዮ መበየድ ለሚችል ባለሙያ ስጡት።

ሁለተኛው፣ ካለ፣ ፓናርድ የሚባለው አግድም ዘንግ ነው። ሞላ ባለው አንድ ወጥ አክስል ላይ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው እሱ ነው። ቀዳዳው ከቡሎኑ በጥቂቱ ከሰፋ እንኳ አክስሉ ወደ ጎን ይዘላል። መሪው ሲወዛወዝ ጫፎቹን እዩ። ምንም እንቅስቃሴ ሊኖር አይገባም።

የመሪ ሳጥኑ ላይ ልቅነቱን የሚቀንስ ማስተካከያ ቡሎን አለ። እባካችሁ መጀመሪያ እሱን አትንኩ። ከልክ በላይ ሲጠብቅ መሪው ወደ መሃል መመለስ ያቆማል፤ ሳጥኑም ይበላል። ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ በመመሪያው ልክ ብቻ የሚነካ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ ጎማውን አንሥቶ መነቅነቅ

መኪናውን በክሪክ አንሡ፤ ከዚያ በብረት መደገፊያ አስቀምጡ። ክሪክ ብቻውን ሰው የሚሠራበትን መኪና መያዝ የለበትም።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉና ሳቡ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥና እንደገና ሞክሩ። ፍሬን ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ ማለትም ቦል ጆይንት ወይም ኪንግ ፒን ነው። ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ያዙና ነቅንቁ። እዚህ የሚወጣው ልቅነት ብዙ ጊዜ የታይሮድ ጫፍ ነው። ከጎማው ሥር ረጅም ብረት አስገብታችሁ ወደ ላይ ደግፋችሁ ማንሣትም ጥሩ ነው፤ ቁልቁል ያለው የቦል ጆይንት ልቅነት እንዲህ ይታያል።

በኳስ ቅርጽ ማቀፊያ ውስጥ የሚታጠፍ የፊት አክስል ያላቸው አሮጌ ባለ አራት ጎማ ነጂዎች ኪንግ ፒናቸው ላይ ትንንሽ ኩሽኔታዎች አሏቸው። እነዚህ በስስ ሺም (በመካከል በሚገባ ስስ ብረት) የሚስተካከል ጥብቀት ይፈልጋሉ። ታይሮዱን ፈትታችሁ ማጠፊያውን እየተሳበ ኃይል በሚለካ የሞላ ሚዛን ሳቡት። ምንም ሳይታገል በነፃ የሚዞር ከሆነ ጥብቀቱ አልቋል። ትክክለኛው የመጎተቻ ኃይል በጥገና መመሪያው ላይ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ሲርገፈገፍ ከምጠረጥራቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

የሚያዝ መጋጠሚያም ፈልጉ። ታይሮዱ እንደተፈታ ጎማውን በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ያለ መጣበቅ መዞር አለበት። የሆነ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ መኪናው መንገድ ላይ የመጨረሻውን መታጠፍ ይዞ ይቀራል። ቀኝ ከታጠፈ በኋላ ቀኝ፣ ግራ ከታጠፈ በኋላ ግራ ይጎትታል። ይህ ምልክት ካለ ምክንያቱ ልቅነት ሳይሆን መጣበቅ ነው።

ደረጃ 6፦ የዘንጎቹ ማዕዘን

አሁን የላላው ጠብቋል እንበል። ከፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉና ድራግ ሊንኩን ተመልከቱ። ከመሪ ሳጥኑ በኩል ምን ያህል ይዘቀዝቃል? ፓናርድ ያለው መኪና ከሆነ ሁለቱ ዘንጎች ጎን ለጎን በአንድ ማዕዘን መውረድ አለባቸው፤ ርዝመታቸውም ቢቀራረብ ጥሩ ነው። አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ሁለቱም ተመሳሳይ ቅስት ይሠራሉ። አንዱ ቁልቁል ሆኖ ሌላው አግድም ከሆነ ቅስቶቹ ይለያያሉ። ያኔ በእያንዳንዱ ጉብታ መኪናው ያለ እናንተ ፈቃድ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ወደ ታች የታጠፈ ፒትማን አርም ነው። ድራግ ሊንኩን ወደ አግድም ይመልሰዋል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የፓናርዱን ጫፍ ሳያስተካክሉ እሱን ብቻ መግጠም ሁለቱን ዘንጎች ሊያለያይ ይችላል። ያኔ ችግሩ ከበፊቱ ይብሳል። ሁለቱን እንደ ጥንድ አስቡ። የፓናርድ ርዝመት ካልተስተካከለ ደግሞ መኪናው ከፍ ሲል አክስሉ የዘንጉ ጫፍ ቴላዮው ላይ ወደታሰረበት ጎን ይሳባል። ከጎማ እስከ ቴላዮ በሁለቱም በኩል ለኩ፤ ልዩነቱ ይታያል። የሚስተካከል ፓናርድ ይህን ይፈታል።

የባሌስትራ መኪና ላይ ድራግ ሊንኩ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነም ሐሳቡ ያው ነው። በጣም ከተዘቀዘቀ ባሌስትራው በሠራ ቁጥር መሪውን ይገፋዋል። መፍትሔው ጎማው ላይ ያለውን የመሪ ክንድ ከፍ ማድረግ ወይም ፒትማን አርሙን ዝቅ ማድረግ ነው።

መሪው ዘንበል ብሎ ከቀረ እባካችሁ መሪውን ነቅላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አትመልሱት። የመሪ ሳጥን መሃሉ ላይ ጠበቅ ብሎ፣ ከመሃል ሲርቅ እንዲላላ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ሲሉ ሳጥኑም መሃሉ ላይ መሆን አለበት። ድራግ ሊንኩን ፍቱ። መሪውን በቀስታ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አዙራችሁ ዙሩን ቁጠሩ። 4 ዙር ከሆነ ከጫፍ 2 ዙር መልሱና አቁሙት። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። ከዚያ ድራግ ሊንኩን አሳጥራችሁ ወይም አስረዝማችሁ መልሳችሁ አገናኙ። ሲስተካከል ጥርሱ በበቂ ጥልቀት መግባቱን እዩ፤ በክር ጫፍ ብቻ የተያዘ ዘንግ ሕይወት ያጠፋል። ሳጥኑ መሃል ላይ ሆኖ መሪው አሁንም ዘንበል ካለ፣ ያኔ ብቻ መሪውን ነቅሎ መመለስ ትክክል ነው።

ደረጃ 7፦ ካስተር

ካስተር ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ እንደሚቆመው ማለት ነው፤ ብስክሌቱ እጅ ሲለቀቅ ቀጥ የሚለው በከፊል በዚያ ነው። የላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ካዘነበለ ካስተሩ ፖዘቲቭ ነው፤ ጎማውም ራሱ ወደ መሃል ይመለሳል። ዝንባሌው ሲቀንስ መሪው ይቀላል፤ መኪናው ግን ይቅበዘበዛል፤ አይመለስምም።

ከፍ ያለ መኪና ካስተሩን የሚያጣው በተለያየ መንገድ ነው። በሞላና በረጅም ክንድ የተያዘ አክስል ሲነሣ ክንዶቹ ይዘቀዝቃሉ፤ አክስሉንም ወደ ፊት ያንከባልሉታል። ባሌስትራ ላይ ደግሞ ወሳኙ ሻክሉ (የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከቴላዮው የሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ ማንጠልጠያ) ያለበት ቦታ ነው። ሻክሉ በባሌስትራው የፊት ጫፍ ላይ ካለና ረጅም ሻክል ከገባ ካስተሩ ይቀንሳል። ሻክሉ የኋላ ጫፍ ላይ ካለ ረጅም ሻክል ካስተሩን ይጨምራል። ስለዚህ ረጅም ሻክል ካስገባችሁ በኋላ መሪው መመለስ ካቆመ መጀመሪያ ሻክሉ የት እንዳለ እዩ።

ለመለካት ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ይበቃል። ጎማውን ከመሃል 20 ዲግሪ ወደ ውጭ አዙሩና ካምበሩን (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለውን ዝንባሌ) ለኩ፤ ከዚያ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዙሩና እንደገና ለኩ። የሁለቱን ልዩነት በ1.5 አባዙ። የምታገኙት ቁጥር ለካስተሩ ቅርብ ነው። መሬቱ ግን የተስተካከለ ይሁን። የተለካውን ከመኪናው መመሪያ ጋር አስተያዩ፤ ግራና ቀኙም ይቀራረብ። ልዩነት ካለ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይጎትታል።

የባሌስትራ አክስል ካስተሩ በሽብልቅ ቅርጽ ሺም ይስተካከላል። ብረት ይሁን፤ አልሙኒየም ይሰነጠቃል። የቱ ጎን ይወፍር? ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ካስተር ለመጨመር ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ ይሁን። ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር ከሆነ ወፍራሙ ወደ ፊት ይሁን። ይህን በስህተት ያስገባ ሰው ችግሩን በእጥፍ ያገኘዋል፤ ከማጥበቃችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አስቡ።

ባለ አራት ጎማ ነጂ ላይ አንድ ዋጋ ትከፍላላችሁ። አክስሉ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ታች ይዞራል፤ የፊት ትራስሚሲዮን ክሮቸራም ማዕዘኑ ይከፋል። ብዙ ካስተር ፈልጋችሁ የፊት ጎማ ነጂው ሲገባ የሚንቀጠቀጥ መኪና ልታገኙ ትችላላችሁ። የኔ ምክር መኪናው በደንብ የሚመለስበትን ያህል ብቻ መጨመርና እዚያ ማቆም ነው።

ቶ የሚባለውን ልክ በቤት መለካት

ቶ ማለት ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ምን ያህል እንደሚጠጋጋ ወይም እንደሚራራቅ ነው። የድራግ ሊንክና የታይሮድ አሠራሩ እርስ በርስ የተያያዘ መኪና ላይ ከፍታው ሲለወጥ ቶውም ይለወጣል።

ጎማዎቹን አንሥታችሁ እያዞራችሁ በጎማው መርገጫ ላይ ቀጭን መስመር ጫሩ። መኪናውን አውርዱና ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ግፉት፤ እንዲረጋ ነው። በጎማው መሃል ከፍታ ላይ ከመስመር እስከ መስመር ከፊት ለኩ፤ ከኋላም ለኩ። የፊቱ ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያንስ ለአብዛኛው አሮጌ ፒክአፕ ጤነኛ ነው። የፊቱ ከበለጠ መኪናው ይቅበዘበዛል፤ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝም ይበላል። ትክክለኛው ልክ በመመሪያው ላይ አለ።

ቶርሽን ባርና ቦዲ ሊፍት

ቶርሽን ባሩን እያጠበቁ ማንሣት ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለዚህም ነው ከልክ የሚያልፈው። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሄድ የላይኛው ክንድ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ይጠጋል ወይም ይነካል። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ መሪውም ለአፍታ ባዶ ይሆናል። ሰው ይህን የመሪ ችግር ነው ይላል። መኪናው ቆሞ ክንዱና ማቆሚያው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ክፍተት ከሌለ ባሩን አላሉ፤ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። የዚህ ዓይነት መኪና ካምበሩም ቶውም ስለሚለወጥ ከፍታው በተነካ ቁጥር አላይመንት ግድ ነው።

ቦዲው ብቻ ከተነሣ የመሪ ዘንጉን ክሮቸራዎች እዩ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር ስታዞሩ በየግማሽ ዙሩ የሚከብድና የሚቀል ከሆነ ክሮቸራው ማዕዘኑ ከፍቷል። ማራዘሚያ ከገባም ቡሎኖቹ በትክክል መጥበቃቸውን አረጋግጡ። የዚያ ዘንግ መላቀቅ መሪ አልባ ያደርጋል።

ኃይለኛው መርገፍገፍ

አንድ ወጥ አክስል ያለው መኪና ጉድጓድ ነክቶ ፊቱ በሙሉ ሲርገፈገፍ እጅግ ያስፈራል። ሲመጣ ፍሬን በኃይል አትያዙ። ነዳጁን ልቀቁ፤ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ቀስ እያላችሁ ከመንገድ ውጡ።

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ባላንስ የጎደለው ጎማ ያስጀምረዋል፤ የላላ መጋጠሚያ ያሳድገዋል። የፓናርድ ቡሎን፣ የኪንግ ፒን ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት፣ የታይሮድ ጫፍ፣ የጎማ ኩሽኔታ በተራ ይፈተሹ። ሁሉም ጠብቀው ከቀጠለ ካስተሩን ለኩ። አዲስ ዳምፐር ተገጥሞ የጠፋ መርገፍገፍ ተፈውሷል ብላችሁ አትመኑ። ዳምፐሩን ፈታችሁ በዝግታ ስትነዱት ካልመጣ ነው የተፈወሰው።

አላይመንት ከመግባታችሁ በፊት

የፍሬን ላስቲኮች ጎማው እስከ መጨረሻ ሲታጠፍና አክስሉ ሲንጠለጠል እንደማይወጠሩ እዩ። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ካለ መስተካከሉን አረጋግጡ። መኪናው ከፍ ሲል ባዶ የሆነ ይመስለዋልና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል።

ባለሙያው ጋር ስትሄዱ መኪናው ዘወትር የሚይዘውን ጭነት ይዛችሁ ሂዱ። የጻፋችሁትን ወረቀትም አሳዩት። ከሥራው በፊትና በኋላ ያሉትን የካስተር፣ የካምበርና የቶ ቁጥሮች በወረቀት ጠይቁ፤ ግራና ቀኙ ተለይቶ። መሪውን መሃል አድርጎ ቆልፎ እንዲሠራም ንገሩት።

ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱና የዩ ቅርጽ ቡሎኖቹን፣ የፓናርዱን፣ የመሪ ሳጥኑንና የጎማውን ዳዶዎች እንደገና በቶርክ መፍቻ ፈትሹ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም አንድ ጊዜ ድገሙት።